ኮዴ ላይ 2016 ብዬ የጻፍኩት ፎልደር ኤረሩ ላይ 816 ሆኖ መጣ

የማታ ተማሪ · ሰኞ፣ ማታ 3፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ቀን ሙሉ የታገልኩትን ነገር ይዤ መጥቻለሁ። እንዳትስቁብኝ።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የጀመርኩት በማታ ነው። የየወሩን የደመወዝ ፋይል ሰብስቦ የሚደምር ትንሽ ስክሪፕት ጽፌ ነበር፤ አራት ወር ምንም ሳይል ሠራ። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ «ፎልደሮቹ በዓመት ይለዩ፣ የ2016ም ሙሉው ይደመር» አለች። ለየሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስክሪፕቱ እምቢ አለ።

ፓዙ፣ ማለትም የፋይሉ አድራሻ፣ ይሄ ነው (ለንባብ እንዲመች በፊደላችን ገልብጬዋለሁ፤ «ዲ» ድራይቩ ነው)፦

ፓዝ = "ዲ:\ደመወዝ\2016\መስከረም.ሲኤስቪ"

ኤረሩ «እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም» ይልና ይሄን ያሳየኛል፦

'ዲ:\\ደመወዝ\ኤክስ816\\መስከረም.ሲኤስቪ'

ፋይሉ አለ። በዓይኔ አየዋለሁ፤ በማውዝ ስከፍተው ይከፈታል። ታዲያ 816 ከየት መጣ? 2016 የት ገባ? ባክስላሹስ (\) ለምን ሁለት ሁለት ሆነ? ደግሞ አንዱ ጋ ብቻ ነጠላ ነው። ዊንዶውስ 10 ነው የምጠቀመው።

ሰሚት 72 · ሰኞ፣ ማታ 3፡31

ወንድሜ፣ ፎልደሩን «ዓመት2016» በለውና ተገላገል። ይሠራል። ለምን እንደሚሠራ ግን አትጠይቀኝ። እኔም ደርሶብኝ እንደዚያ ነው ያመለጥኩት።

ኮድና ቡና · ሰኞ፣ ማታ 3፡40

ስም መቀየር አያስፈልግም። ከፓዙ በታች አንድ መስመር ጨምር፤ በሪፕሌስ ባክስላሹን ሁሉ ወደ ስላሽ (/) ቀይረው። ፓይተን ዊንዶውስ ላይም ስላሽ ይገባዋል።

የማታ ተማሪ · ሰኞ፣ ማታ 4፡05

መጀመሪያ ነገር፣ ወንድማችሁ ሳልሆን እህታችሁ ነኝ 🙂

ሪፕሌሱን ሞከርኩት። አሁን የሚመጣው ይሄ ነው፦

'ዲ:/ደመወዝ\ኤክስ816/መስከረም.ሲኤስቪ'

ሌሎቹ ተቀየሩ። ያችኛዋ ብቻ ንቅንቅ አላለችም።

እሙ ኮድ · ሰኞ፣ ማታ 4፡48

እህቴ፣ ያችኛዋ ያልተቀየረችው ባክስላሽ ስላልሆነች ነው። ሪፕሌስ ከመድረሱ በፊት ጠፍታለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሆነብሽ።

ቀስ ብለን እንየው። በጥቅስ መካከል የጻፍሽውን ፓይተን እንዳለ አይወስደውም። መጀመሪያ ከግራ ወደ ቀኝ ያነበዋል። ባክስላሽ ሲያገኝ ቆም ይልና ቀጥሎ ያለውን ያያል። ቀጣዩ የሚያውቀው ምልክት ከሆነ ሁለቱን አንድ ላይ በሌላ ካራክተር (በሌላ አንድ የጽሑፍ ምልክት) ይተካቸዋል። ትንሹ የእንግሊዝኛ ኤን ከሆነ አዲስ መስመር፣ ትንሹ ቲ ከሆነ ታብ። ኤስኬፕ የሚባለው ይሄ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ፓዝ። የመጀመሪያው ባክስላሽ ቀጥሎ «ደ» አለ። ፓይተን ደን የሚያውቅበት ምክንያት ስለሌለ ባክስላሹንም ደንም እንዳሉ ይተዋቸዋል። ሁለተኛው ባክስላሽ ቀጥሎ 2016 አለ። ጉዱ ያለው እዚህ ነው። ከባክስላሽ በኋላ ከ0 እስከ 7 ያለ አኃዝ ከመጣ ፓይተን «የካራክተር ቁጥር በስምንትዮሽ እየነገሩኝ ነው» ይላል። እስከ ሦስት አኃዝ ድረስም ይወስዳል። ስለዚህ ከ2016 ላይ 201ን ወሰደና 6ን ብቻዋን ጣላት።

201 በስምንትዮሽ፣ በስምንት በስምንት በሚቆጠረው አጻጻፍ፣ ስንት ነው? 2 ጊዜ 64፣ ሲደመር 0 ጊዜ 8፣ ሲደመር 1። 129። ቁጥር 129 በዩኒኮድ፣ ለእያንዳንዱ ካራክተር ቁጥር በሚሰጠው ሰንጠረዥ፣ የማይታይ መቆጣጠሪያ ካራክተር ነው። በአሥራ ስድስትዮሽ ሲጻፍ 81 ይሆናል። ኤረሩ ላይ ያየሽው «ኤክስ81» እሱ ነው፤ 6ቷ የተረፈችው ናት። 816 የሚባል ቁጥር የለም። 81 እና 6 ተጠጋግተው ነው።

ሦስተኛው ባክስላሽ ቀጥሎ «መ» አለ፤ እሱም በሰላም አለፈ።

ስለዚህ ሰሚት 72 «ዓመት2016 በለው» ያለው የሚሠራው ባክስላሹ ቀጥሎ አኃዝ ሳይሆን «ዓ» ስለሚያገኝ ነው። አሁን ምክንያቱን አወቅከው፣ ሰሚት 🙂

የአማርኛ የፎልደር ስም ያላት ሰው ለወራት ምንም ሳይነካት የምትቆየውም ለዚህ ነው። የእንግሊዝኛ ስም ቢሆን ገና በመጀመሪያው ቀን «ቴምፕ» ወይም «ኒው» የሚባል ፎልደር ላይ ትወድቂ ነበር። ፊደላችን ጠብቆሽ ነበር፤ ዓመቱ ሲመጣ ነው የተጋለጥሽው።

እሙ ኮድ · ሰኞ፣ ማታ 4፡55

ስለ ባክስላሽ ሁለት ሁለት መሆን የጠየቅሽውን ረሳሁት። ፓይተን ኤረር ላይ ስትሪንጉን (በጥቅስ መካከል ያለውን ጽሑፍ) የሚያሳይሽ ኮድ ላይ ቢጻፍ በሚኖረው መልክ ነው። ስለዚህ እውነተኛ ባክስላሽን ደርቦ ይጽፈዋል። ስትሪንጉ ውስጥ ግን አንድ ብቻ ነው። ሌን በሚባለው የፓይተን መቁጠሪያ ቁጠሪው።

ከዚህ አንድ የምወደው ብልሃት ይወጣል። ኤረሩ ላይ ድርብ ባክስላሽ ካየሽ ጤነኛ ነው። ነጠላ ካየሽ በሽተኛው እሱ ነው። አንቺም ሳታውቂው «አንዱ ጋ ብቻ ነጠላ ነው» ብለሽ ጣትሽን ቁስሉ ላይ አስቀምጠሽ ነበር።

የማታ ተማሪ · ሰኞ፣ ማታ 5፡10

እንዴ! በቃ ገባኝ። ሁለት ቀን ችግሩን ስፈልግ የነበረው ፎልደሩ ውስጥ ነበር። ፈቃድ ይሆናል ብዬ፣ አንቲቫይረስ ይሆናል ብዬ... ኮምፒውተሩንም ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አብርቻለሁ።

ታዲያ እንዴት ልጻፈው?

ኮድና ቡና · ሰኞ፣ ማታ 5፡22

የሪፕሌሱን ምክሬን አንስቻለሁ። እሙ ልክ ናት፤ ከጥቅሱ ከወጣ በኋላ የሚደረግ ነገር አይረዳም።

ሦስት መንገድ አለ። ባክስላሹን መደረብ፦ "ዲ:\\ደመወዝ\\2016\\መስከረም.ሲኤስቪ"። ይሠራል፣ ግን ዓይን ያደክማል፤ አንዱን መርሳት አይቀርም። ወይም ከመክፈቻው ጥቅስ በፊት አር ማድረግ፦ አር"ዲ:\ደመወዝ\2016\መስከረም.ሲኤስቪ"። ይሄ ጥሬ ስትሪንግ ይባላል፤ ፓይተን ውስጡን አይነካውም። ከዊንዶውስ ላይ ኮፒ አድርገሽ ለመለጠፍ የሚመቸው እሱ ነው። ሦስተኛው ከመጀመሪያውኑ በስላሽ መጻፍ ነው፦ "ዲ:/ደመወዝ/2016/መስከረም.ሲኤስቪ"።

እኔ ሦስተኛውን ነው የምጠቀመው።

እሙ ኮድ · ሰኞ፣ ማታ 5፡30

ጥሬው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በባክስላሽ መጨረስ አይችልም። አር"ዲ:\ደመወዝ\" ብትዪ ፓይተን ጥቅሱ አልተዘጋም ብሎ ይጮኻል። ስሙ ጥሬ ቢሆንም ከመዝጊያው ጥቅስ በፊት ያለ ባክስላሽ ጥቅሱን ያስመልጠዋል። የመጨረሻዋን ባክስላሽ ተዪያት፤ ለፎልደር አታስፈልግም።

ሊኑክስ ወዳጅ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡15

ሊኑክስ ብትጠቀሚ ይሄ ሁሉ ጣጣ አልነበረም 😄

ሰሚት 72 · ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡40

መጣ ደግሞ። የሰው ልጅ ፎልደሩ ጠፍቶበት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ቀይር ይላል።

ለነገሩ የአንተ ሊኑክስ ላይም ኮዱ እንዳለ ቢሄድ ይባስ ነበር። እዚያ ባክስላሽ ተራ ካራክተር ነው፤ የፋይል ስም ውስጥ ይገባል። በስም ውስጥ የማይፈቀዱት ስላሽና ዜሮ ባይት ብቻ ናቸው። አንድ ጊዜ ከዊንዶውስ የመጣ ስክሪፕት ሰርቨር ላይ አስኬጄ ሦስት ፎልደር ይፈጥራል ብዬ ስጠብቅ ስሙ ከነባክስላሹ አንድ ረጅም ገመድ የሆነ ፋይል አስቀመጠልኝ።

ከዚያ የባሰውንም ልናገር፣ ስለተነሳ። የእኔው ስክሪፕት የሚያነብ ሳይሆን የሚጽፍ ነበር። ፎልደሩ ከሌለ ፍጠረው ብዬዋለሁ። ስለዚህ ኤረር የለም። በሰላም ሠራ። ከሳምንት በኋላ የ2015 ፎልደር ባዶ ነው። ፋይሎቹ «ሪፖርት5» በሚባል ፎልደር ውስጥ ተገኙ። ከ«ሪፖርት» አጠገብ፣ አፍንጫዬ ሥር። በሪፖርትና በ5 መካከል የማይታየው ካራክተር አለ። ሰርች ላይ «ሪፖርት5» ብዬ ስጽፍም አያገኘውም። ፎልደሩን ሰው የሰረቀኝ ነበር የመሰለኝ። የማታ ተማሪ፣ አንቺ ኤረር መጣልሽ እንጂ ዕድለኛ ነሽ።

የማታ ተማሪ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

ፈራሁ። ሄጄ ድራይቩን ላየው ነው።

ጋሼ ዶስ · ማክሰኞ፣ ቀን 7፡05

ልጆች፣ ሁልጊዜ ይሄ ጥያቄ ሲነሳ ስላሹ ለምን ሁለት ዓይነት እንደሆነ የሚናገር አይገኝም። በምሳ ሰዓቴ ልንገራችሁ።

ባክስላሽ ከኮምፒውተር ፎልደር ይበልጣል በዕድሜ። አስኪ ወደሚባለው የካራክተር ሰንጠረዥ ያስገባው ቦብ ቢመር የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1961። የፈለገው አልጎል ለሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነበር። ስላሽንና ባክስላሽን ጎን ለጎን አድርገህ /\ ብትል «እና»፣ \/ ብትል «ወይም» ይሆናል። ለፎልደር የታሰበ ነገር አልነበረውም።

በ1970ዎቹ ዩኒክስ የሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለፎልደር መለያ ስላሽን ወሰደ። ከዩኒክስ ጋር ያደገው ሲ የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ደግሞ ባክስላሽን ለኤስኬፕ ያዘው። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለም። ከዚያ ዶስ፣ ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ መጣ። የ1981ዱ የመጀመሪያው ዶስ ፎልደር የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ሁሉም ፋይል ፍሎፒው ላይ በአንድነት ይተኛል። ስላሹን ግን ለትዕዛዝ አማራጭ ይጠቀምበት ነበር። ዲር ብለህ ስላሽ ፒ ስትል ገጽ በገጽ ያሳይሃል፤ እጄ እስካሁን አልረሳውም። በ1983 ሁለተኛው ዶስ ፎልደር ይዞ ሲመጣ ስላሹ ተይዟል። ትዕዛዞቹን ሁሉ ከመቀየር ባክስላሽን መውሰድ ቀለለ። ባክስላሹ ደግሞ በሲ በኩል ሌላ ሥራ ነበረው፤ ፓይተንም ያንን ከሲ ወረሰ። የዛሬዋ ልጃችን የተሰቃየችው በዚያ ውሳኔ ነው።

በነገራችን ላይ ጃፓኖች ዊንዶውስ ላይ ባክስላሽ በሚቀመጥበት ቦታ የን የሚባለውን የገንዘባቸውን ምልክት ነው የሚያዩት። ኮሪያውያን ደግሞ ዎንን። የድሮ የፊደል ሰንጠረዣቸው ያንን ቦታ ለገንዘብ ሰጥቶት ስለነበር ነው። በብር ምልክት የተለያየ ፓዝ አስቡት።

እሙ ኮድ · ማክሰኞ፣ ቀን 8፡10

ጋሼ፣ እርስዎ ሲጽፉ ነው ይሄ ክር የሚጣፍጠው። ፍሎፒውንም ያዩት ይመስለኛል 🙂

ጋሼ ዶስ · ማክሰኞ፣ ቀን 8፡14

ማየት ብቻ! አንዱን የቡና ስኒ ማስቀመጫ አድርጌው ልጆቼ ጥለውብኛል።

ጥያቄ አለኝ · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30

ክሩን ሳነብ የራሴ ጥያቄ መጣ። የእኔ ፕሮግራም ፓዙን ኮድ ውስጥ አይጽፍም፤ ተጠቃሚው ነው የሚያስገባው። እዚያስ 2016 ይበላል? አንዱ ጓደኛዬ «የሚገባውን ስትሪንግ ባክስላሹን ደርብለት» ብሎኝ ደርቤ ነበር። ጭራሽ ሌላ ችግር ሆነ።

እሙ ኮድ · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡52

አይበላም። ይሄን ብዙ ሰው ስለሚስት ረዘም አድርጌ ልበለው።

ኤስኬፕ የሚሠራው ፓይተን የአንተን ኮድ ሲያነብ ብቻ ነው። በጥቅስ መካከል ያለው ጽሑፍ ወደ ስትሪንግ በሚቀየርባት በዚያች ቅጽበት። ከዚያ በኋላ ስትሪንጉ ስትሪንግ ነው፤ ባክስላሹም ባክስላሽ ነው። ተጠቃሚው በኪቦርድ የጻፈው፣ ከጽሑፍ ፋይል የተነበበው፣ ዊንዶው ከፍቶ በማውዝ የመረጠው፣ አንዳቸውም በዚያ በር አላለፉም። ስለዚህ የሚታከም ነገር የለም። ጤነኛ ሰው ላይ መድኃኒት ነው የጨመርክበት። ያንን መደረቢያ አውጣው።

ልዩ የሚሆነው ጄሰን የሚባለው የዳታ ፋይል አጻጻፍ ነው። እሱ የራሱ ኤስኬፕ አለው። የሴቲንግ ፋይልህ ጄሰን ከሆነ ባክስላሹን እዚያ ውስጥ መደረብ ግድ ነው፤ ካልሆነ ከባክስላሹ ቀጥሎ የአማርኛ ፊደል ወይም አኃዝ ሲያገኝ አልቀበልም ይልሃል። አለመቀበሉ ደግሞ ደግነት ነው። የስምንትዮሹን ነገር ጄሰን አያውቀውም፤ እንደ ፓይተን 2016ን ዝም ብሎ አይበላብህም።

ኮድና ቡና · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10

ዝም ብሎ መብላትን ካነሳን፣ ሁሉም ኤስኬፕ አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። ለእንግሊዝኛ ስም ተጠቃሚዎች ልበል።

«ሲ» ድራይቭ ውስጥ «ዩዘርስ» ያለ ሰው ፕሮግራሙ ገና ሳይጀምር ነው የሚወድቀው። ባክስላሽና ትልቁ ዩ ሲገናኙ ፓይተን ስምንት የአሥራ ስድስትዮሽ አኃዝ ይጠብቃል። «ኤስኢአርኤስ» ሲያገኝ ይጮኻል። ስለ ዩኒኮድ ኤስኬፕ የሚያወራ ረጅም ኤረር የሚመጣው እሱ ነው። ብዙ ሰው ዩኒኮድ የሚለውን አይቶ የፊደል ችግር ይመስለዋል።

በትንሽ ፊደል የሚጀምሩ «ኒው» እና «ቴምፕ» ላይ ፕሮግራሙ ይጀምራል፤ ፋይሉን ሊከፍት ሲል ነው የሚወድቀው። ኤረሩም «የለም» ሳይሆን «ግብዓቱ ልክ አይደለም» ነው። ዊንዶውስ ቁጥራቸው ከ1 እስከ 31 የሆኑ ካራክተሮችን በስም ውስጥ አይቀበልም፤ አዲስ መስመርና ታብ እዚያ ውስጥ ናቸው። የ1990ዎቹ ዓመቶችም እንደዚሁ ናቸው። 1999 ላይ 9 የስምንትዮሽ አኃዝ ስላልሆነ ፓይተን 1ን ብቻ ወስዶ ቁጥር 1 ካራክተር ያደርጋታል። 129 ግን ከ31 በላይ ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ «ችግር የለም፣ እንዲህ ያለ ስም ይቻላል» ብሎ ይፈልጋል። ከሁሉም ተንኮለኛው የ2000ዎቹ ዓመት ነው። በእኛም በፈረንጅም አቆጣጠር።

አዲሶቹ ፓይተኖች ትንሽ ይረዳሉ። ከ3.12 ጀምሮ የማያውቁት ኤስኬፕ ላይ ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ። ግን ልብ በሉ፣ የማያውቁት ላይ ነው። 201ን ያውቁታል። ስለዚህ ስለሷ ትንፍሽ አይሉም።

የማታ ተማሪ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡30

ሪፖርት። በስላሽ ጻፍኩት፤ ሠራ! መስከረም ተደመረ። አመሰግናለሁ፣ በተለይ እሙ። ድራይቩንም አይቼዋለሁ፤ «ደመወዝ6» የለም።

ከዚያ ልብ ልብ አለኝና አሻሽዬው ፓዝሊብ የሚባለውን የፓይተን የፓዝ መሣሪያ ሞከርኩ። ውጤቱን «ደመወዝ 2016 ዓ.ም» በሚል ስም አስቀምጦ መጨረሻው ሲኤስቪ እንዲሆን ዊዝ ሰፊክስ አልኩት። የወጣው ፋይል «ደመወዝ 2016 ዓ.ሲኤስቪ» ነው። ም ተበላች! አሁን ደግሞ የት ነው ባክስላሹ?

እሙ ኮድ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡44

ሳቄን አልቻልኩትም 😂 አሁን ባክስላሹ ንጹሕ ነው።

ፓዝሊብ ከመጨረሻዋ ነጥብ በኋላ ያለውን የፋይል ዓይነት ነው ብሎ ያስባል። ያንቺ ፋይል ዓይነት «.ም» ሆነ ማለት ነው። ቀይሪው አልሽው፣ ቀየረው። ዓ.ም ያለበት ስም ላይ ዊዝ ሰፊክስ አትጠቀሚ፤ በመደመር ብቻ መጨረሻው ላይ ቀጥዪለት።

ሌላም አለ። አንዳንዱ ሰው «ዓ.ም.» ብሎ በነጥብ ይጨርሳል። ዊንዶውስ በስም መጨረሻ ላይ ያለች ነጥብን በዝምታ ቆርጦ ይጥላታል። ፎልደሩን በነጥብ ፈጥረሽ ዝርዝሩን ስታነቢ ያለ ነጥብ ይመጣል፤ ብታወዳድሪያቸው እኩል አይሆኑም። ሊኑክስ ላይ ነጥቧ ትቀራለች። በስም ውስጥ 2016 ብቻ በይው፤ ዓ.ምን ለደብዳቤ ተይው።

ፓዝሊብን ግን አትተይው። በፓይተን 3.4 ነው የመጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2014፤ እንዲህ ነው የምትጽፊው፦

ፓዝ("ዲ:/ደመወዝ") / "2016" / "መስከረም.ሲኤስቪ"

ከድራይቩ ስም በኋላ ያለችውን ስላሽ እንዳትረሺ። "ዲ:" ብቻ ካልሽ «ዲ ላይ አሁን ያለሁበት ፎልደር» ማለት ይሆናል፤ እሱ ደግሞ የትም ሊሆን ይችላል።

ሰሚት 72 · ረቡዕ፣ ማታ 3፡02

ቢሮ ውስጥ ሼርድ ፎልደር ያላችሁ ደግሞ፦ "\\ሰርቨር\ደመወዝ" ብላችሁ በተራ ስትሪንግ ብትጽፉ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባክስላሾች አንድ ይሆናሉ። ሰርቨሩ ተራ ፎልደር ይሆንና ይጠፋል። ወይ አራት አድርጉ፣ ወይ አር ቀድሙበት፣ ወይ "//ሰርቨር/ደመወዝ"።

የማታ ተማሪ · ሐሙስ፣ ማታ 1፡15

የመጨረሻ ነው፣ እምላለሁ። ከመስከረም እስከ ሰኔ ተደመረ። ሐምሌ ላይ «የለም» አለኝ። ኤረሩ ላይ ያለው ባክስላሽ ሁሉ ድርብ ነው፤ እንዳስተማራችሁኝ አየሁ፣ በሽተኛ የለም። ፋይሉ ግን አለ። አሁንም በዓይኔ አየዋለሁ።

ጋሼ ዶስ · ሐሙስ፣ ማታ 1፡22

ልጄ፣ የሐምሌን ፋይል ማን ነው የሰየመው?

የማታ ተማሪ · ሐሙስ፣ ማታ 1፡26

አለቃዬ ናት፣ እርሷ ናት የምትልክልኝ። ለምን ጠየቁኝ ጋሼ?

ጋሼ ዶስ · ሐሙስ፣ ማታ 1፡29

ፊደሏን እይያት። በሐመሩ ሐ ነው ወይስ በሃሌታው ሀ?

የማታ ተማሪ · ሐሙስ፣ ማታ 1፡41

ወይኔ። «ሀምሌ»።

ኮድና ቡና · ሐሙስ፣ ማታ 1፡50

ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል እንደ አንድ ያያል። ሐንና ሀን ግን አያውቅም። ለሱ እንደ በግና ፍየል ናቸው። ሠና ሰም፣ ጸና ፀም፣ ዐና አም እንደዚያው። ኮዱ ውስጥ ከመፈለግሽ በፊት የፋይሉን ስምም ያንቺንም ወደ አንድ ፊደል የሚመልስ ትንሽ ፈንክሽን ጻፊ፤ ወይም ወሮቹን 01፣ 02 እያልሽ በቁጥር ሰይሚያቸው።

በቁጥር ካልሽ ግን ስላሹን አትርሺ። ከባክስላሽ ቀጥሎ 01 ከመጣ ምን እንደሚሆን አሁን ታውቂዋለሽ።

የማታ ተማሪ · ዓርብ፣ ቀን 6፡40

አሥራ ሁለቱም ተደመሩ። ጳጉሜን ደመወዝ ስለሌላት ተገላገልኩ።

ለአለቃዬ የፋይል ስሙን ጉዳይ ነገርኳት። «ታዲያ በየትኛው ሐ ልጻፍልሽ?» አለችኝ። ኮዱ ላይ ያለውን ኮፒ አድርጌ በቴሌግራም ላኩላት።